ከገዢው ወደ አውድማው፦ የአቅርቦት ሰንሰለት ለዱርቤቴ እህል ነጋዴና መጋዘን ጠባቂ

በኅዳርና በታኅሣሥ ዱርቤቴ ላይ የቆመ ሰው በቆሎ ይጠፋል ብሎ አያስብም። ከደቡብ አቸፈር ቀበሌዎች በአህያ፣ በጋሪና በባጃጅ የገባው እህል በሰብሳቢ ነጋዴው ደጅ ይቆለላል፤ ሚዛኑ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ጎታው የተሟጠጠበት ገበሬ ቀድሞ በሸጠበት ደጅ ገዢ ሆኖ ይመጣል፤ ዋጋውም ያው አይደለም። በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል እህሉ የሚያልፍበት ሁሉ፣ መግዛቱ፣ ማድረቁ፣ ማስቀመጡ፣ መጫኑ፣ መሸጡና ገንዘቡን መሰብሰቡ፣ ባንድ ላይ የአቅርቦት ሰንሰለት ይባላል። ሎጂስቲክስ የሚባለው ከዚህ ውስጥ ዕቃን የማንቀሳቀሱና የማስቀመጡ ክፍል ነው።

ይህ መመሪያ የእህል ንግድ ለጀመሩ፣ የመሠረታዊ ማኅበር መጋዘን ለተረከቡ ወይም ሱቅ ከፍተው ዕቃ እያለቀባቸው ለሚቸገሩ የተዘጋጀ ነው። ቃላቱን እንደ መዝገበ ቃላት አንደረድራቸውም፤ ሥራው በሚመጣበት ቅደም ተከተል እናነሳቸዋለን። ቅደም ተከተሉ ግን ከተለመደው ይለያል። ጀማሪ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከአውድማው ነው። «ርካሽ አግኝቻለሁና ልግዛ፤ ገዢ አይጠፋም» ይላል። ገዢስ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ትርፉ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ከገዢው ይጀምሩና ወደ አውድማው ወደ ኋላ ይምጡ።

1. ገዢውንና የርክክቡን ቦታ ይወስኑ

ከዱርቤቴ የሚነሳ በቆሎ የሚሄድበት ብዙ ነው። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ እህል በረንዳ አለ፤ የዱቄትና የመኖ ፋብሪካዎች አሉ፤ በዩኒየን በኩል ለእርዳታ የሚገዙ ድርጅቶች አሉ፤ እዚያው ዱርቤቴ ያለው ወፍጮ ቤትም ገዢ ነው። የሁሉም ፍላጎት አንድ አይደለም። የእርዳታ ገዢ ብዙ ይወስዳል፤ በጥራት ግን አይደራደርም፣ ክፍያውም በወረቀት በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። እህል በረንዳ ፈጥኖ ይገዛል፤ ዋጋው ግን መኪናዎ መንገድ ላይ እያለ ሊለወጥ ይችላል።

አንድ ኩንታል ከመግዛትዎ በፊት ለገዢው ደውለው አምስት ነገር ይጠይቁ፤ መልሱንም በደብተር ይጻፉ።

- ስንት ኩንታል ይፈልጋል? መቼስ?
- እርጥበቱ፣ ስባሪው፣ ባዕድ ነገሩና የነቀዘው ፍሬ እስከ ስንት ቢሆን ይቀበላል?
- ጆንያው የማን ነው? ይመለሳል ወይስ ከእህሉ ጋር ይቀራል?
- ክፍያው እጅ በእጅ ነው ወይስ በዱቤ? በዱቤ ከሆነ በስንት ቀን?
- ርክክቡ የት ነው? የማንስ ሚዛን ይታመናል?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉ ይበልጣል። «4,400 ብር እገዛለሁ» የሚል ሰው ዱርቤቴ ደጅዎ ላይ ተረክቦ ከሆነ አንድ ዋጋ ነው፤ አዲስ አበባ መጋዘኑ ድረስ አድርሰውለት ከሆነ ሌላ ዋጋ ነው። መንገድ ላይ መኪናው ቢገለበጥ ወይም ዝናብ ቢያገኘው ኪሳራው የማን እንደሆነ የሚወስነውም ይኸው የርክክብ ቦታ ነው። በዓለም አቀፍ ንግድ ይህንኑ ነገር የሚለዩት ኢንኮተርምስ በተባሉ ውሎች ነው። ለምሳሌ ቦሎቄ ወይም ሰሊጥ ላኪው «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ» ብሎ ከተዋዋለ ኃላፊነቱ ዕቃው ጅቡቲ ላይ መርከብ እስኪጫን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የባሕር ጭነት የገዢው ነው። «ሲ አይ ኤፍ» ሲሆን የባሕር ኪራዩንና ኢንሹራንሱን እስከ ገዢው ወደብ የሚከፍለው ሻጩ ነው። የእርስዎ ውል በስልክ ቢሆንም «ርክክብ ዱርቤቴ» ወይም «ርክክብ አዲስ አበባ» የሚለውን ቃል አፍ አውጥተው ያስብሉ፤ ቢቻል በመልእክት ጽፎ ይላክልዎ።

2. የመድረሻ ዋጋውን ያስሉ

የመግዣ ዋጋ ማለት ለገበሬው የከፈሉት ነው። የመድረሻ ዋጋ ማለት ደግሞ ያ ኩንታል ገዢው እጅ እስኪገባ የበላው ገንዘብ ሁሉ ነው። ትርፍና ኪሳራ የሚለየው በሁለተኛው ነው። አንድ አይሱዙ ኤን ፒ አር 50 ኩንታል ጭኖ አዲስ አበባ ሲደርስ እንዴት እንደሚሰላ እንይ። ብሩ ለስሌት ያህል የተወሰደ ነው፤ እርስዎ በዕለቱ ዋጋ ይተኩት።

- በቆሎ፣ 50 ኩንታል በ4,000 ብር፦ 200,000
- ጆንያ፣ 50 በ60 ብር፦ 3,000
- ጫኝና አውራጅ፣ 50 በ40 ብር፦ 2,000
- የመኪና ኪራይ፣ 50 በ250 ብር፦ 12,500
- ደላላ፣ 50 በ20 ብር፦ 1,000
- የኬላና ሌላ ልዩ ልዩ ክፍያ፦ 500

ድምሩ 219,000 ብር ነው። በ50 ቢካፈል 4,380 ይመጣል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ነገር ግን እህል መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ይደርቃል፣ ሁለት ሚዛንም እኩል አይናገርም። ከመቶ አንድ ብቻ ጎደለ ብንል ገዢው የሚረከበው 49.5 ኩንታል ነው። 219,000 ለ49.5 ሲካፈል አንዱ ኩንታል 4,424 ብር ገደማ ያርፍበታል። እንግዲህ በ4,000 ገዝተው በ4,400 የሸጡት ነጋዴ በየኩንታሉ 400 ያተረፉ ይመስላል፤ ከእጃቸው የወጣው ግን 219,000፣ የገባው 217,800 ነው። 1,200 ብር ከስረዋል፤ የራሳቸው የድካም ዋጋ ገና አልተቆጠረም።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ ዝርዝር አንዱን መስመር ለመቀነስ የሚደረጉ ናቸው። የትኛውንም የሎጂስቲክስ ቃል ሲሰሙ «ከዝርዝሩ የትኛውን መስመር ይነካል?» ብለው ይጠይቁ።

3. የመጀመሪያዋን ኪሎ ሜትር ያደራጁ

ከገበሬው ጎተራ እስከ መሰብሰቢያው ያለው ጉዞ በሙያው የመጀመሪያ ኪሎ ሜትር ይባላል፤ ከማከፋፈያው እስከ ተጠቃሚው ደጅ ያለው ደግሞ የመጨረሻ ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም አጭር ሆነው ውድ ናቸው። አስፋልት ላይ አንድ መኪና 50 ኩንታል በአንድ ጊዜ ያነሳል፤ ከቀበሌ እስከ አስፋልት ግን ያው 50 ኩንታል በአህያና በጋሪ ተከፋፍሎ፣ ክረምት ከሆነም ጭቃ እየጠበቀ ነው የሚወጣው።

መድኃኒቱ ማሰባሰብ ነው። በአንድ ቀን ከአምስት ቦታ አሥር አሥር ኩንታል ከማባረር ለጋሪ በሚመች አንድ ቦታ የመሰብሰቢያ ቀን ቆርጠው ለገበሬዎቹ ቀድመው ያስነግሩ። መሠረታዊ ማኅበር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማኅበሩ ከአባላቱ ይሰበስባል፣ ዩኒየኑ ከማኅበራቱ ይሰበስባል። በዚህ አካባቢ ፍኖተ ሰላም ላይ ዳሞት፣ ባሕር ዳር ላይ መርከብ የተባሉት ዩኒየኖች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ትልቅ ገዢ ከአንድ ገበሬ 3 ኩንታል ሊገዛ አይመጣም፤ 3,000 ኩንታል ባንድ ቦታ ሲያገኝ ግን ይመጣል።

በመሰብሰቢያው ቀን ሦስት ነገር አይለፍዎ። አንደኛ፣ ሚዛኑን ሥራ ሳይጀመር ክብደቱ በታወቀ ነገር ገበሬው እያየ ይፈትኑት። ሁለተኛ፣ ክፍያውን እዚያው ይጨርሱ፤ «ነገ ና» የተባለ ገበሬ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላ ነጋዴ ነው የሚሄደው። ሦስተኛ፣ የየቀበሌውን እህል ለየብቻ ይቆልሉና ለየክምሩ ቁጥር ይስጡት። ይህ ክምር ሎት ይባላል። ገዢው «እርጥብ ደርሶኛል» ብሎ ቢመልስ የትኛው ሎት እንደሆነ፣ ከየትና መቼ እንደተገዛ ከደብተር ያገኙታል። ምርትን ከመነሻው መከታተል የሚባለው ይኸው ነው። ሁሉን ባንድ የደባለቀ ነጋዴ በአምስት ጆንያ ጥፋት 50 ጆንያ ይመለስበታል።

4. ውኃ በእህል ዋጋ አይግዙ

አዲስ የተፈለፈለ በቆሎ እርጥብ ነው። በ16 በመቶ እርጥበት 50 ኩንታል ገዝተው ወደ 13 በመቶ ቢያደርቁት የሚቀረው 4,828 ኪሎ ያህል ነው። 172 ኪሎ ፀሐይ ወሰደው ማለት ነው፤ በላይኛው የመሸጫ ዋጋ ከ7,500 ብር በላይ ይሆናል። ይህ ሌብነት አይደለም፣ የሚዛን ስህተትም አይደለም፤ ሲገዙ የከፈሉበት ውኃ ነው። የእርጥበት መለኪያ ያለው ማኅበር ወይም ነጋዴ ከእርጥበቱ ጋር ዋጋውን ያስተካክላል። መለኪያ ከሌለዎት የጨው ሙከራ ይበቃል።

- ክዳን ያለው ደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ ያዘጋጁ።
- በምጣድ ወይም በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይጨምሩ።
- ጠርሙሱን እስከ ሲሶው ድረስ በበቆሎው ይሙሉት፤ ከድነው አንድ ደቂቃ ያህል ይናጡት።
- ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ገና መድረቅ አለበት።

ጨው ካልተለጠፈም ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ወደ 13 በመቶ እስኪወርድ አንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ ይስጡት። ማድረቂያው ሸራ ላይ ይሁን። መሬት ላይ የተሰጣ እህል ከታች እርጥበት ይስባል፤ አፈርና ጠጠርም ይዞ ይገባል። እርጥብ ተከምሮ የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መርዙ በማበጠርም በመፍጨትም አይለቅም።

5. መጋዘኑን በወረቀት ይምሩት

መጋዘን ሲባል ብዙ ሰው ቁልፍና ዘበኛ ያስባል። መጋዘኑን በእውነት የሚጠብቀው ግን ወረቀቱ ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19ን፣ ሞዴል 20ንና ሞዴል 22ን ያውቃቸዋል። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፤ ሲፈለግ በሞዴል 20 ይጠየቃል፤ ሲወጣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ማኅበርዎ እነዚህን ባይጠቀም እንኳ ሦስቱን ሥራዎች በሦስት ልዩ ወረቀት ያድርጓቸው፤ የጠየቀው፣ የፈቀደውና ያወጣው አንድ ሰው አይሁኑ። በየክምሩ ራስ ላይ ደግሞ ቢን ካርድ ይሰቀል፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ቀን፣ ፊርማ። በወር አንድ ጊዜ ካርዱ የሚለውና ዓይን የሚያየው መግጠሙ በቆጠራ ይረጋገጥ።

አወጣጡም ሕግ አለው። «መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» የሚለው ለእህል ነው፤ አዲሱ በር ላይ ተከምሮ አሮጌው ከኋላ ሲነቅዝ የሚታየው ይህ ሲፈርስ ነው። ዘይት፣ ዱቄትና መድኃኒት በመሰሉ የአገልግሎት ጊዜ በተጻፈባቸው ዕቃዎች ግን ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈው ይቅደም።

አደራደሩን በተመለከተ፣ ጆንያ በባዶ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ የእንጨት ርብራብ ይደረግበታል። ከግድግዳውም ሰው ዞሮ የሚያይበት አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ለነቀዝ ከሁሉ የሚመረጠው ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻ፣ አየሩ በእጅ ተጨምቆ ወጥቶ ይታሰራሉ፤ ውስጥ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። እህሉ በደንብ ካልደረቀ ግን ከረጢቱ አያድነውም፣ ላስቲኩም ከተቀደደ ተራ ጆንያ ነው። ለነቀዝ የሚጨመረው ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ወይም ከመኝታ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል በጭራሽ አይጠቀሙበት። መጋዘን ውስጥም የሚያደርገው የሠለጠነ ሰው ይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ቃል አለ፤ የመጋዘን ደረሰኝ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር የመጀመሪያው ምርቱ በቆሎ ነበር። ኋላ ትኩረቱ ወደ ቡና፣ ሰሊጥና ቦሎቄ ሄደ እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ምርቱ ወደ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ለባለቤቱ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ደረሰኙ ነው። እህሉ ሳይነቃነቅ ባለቤቱ ይለወጣል። ደረጃው በገለልተኛ ሰው ስለወጣ ገዢው ጆንያ መውጋት አያስፈልገውም። ለማኅበርዎ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፦ ሲገባ በትክክል የተመዘነና ደረጃ የወጣለት እህል ሲወጣ ክርክር የለውም።

6. መኪናውን ከመከራየትዎ በፊት ከየት እንደሚመለስ ይጠይቁ

ዱርቤቴ የተቀመጠችው ከባሕር ዳር በመርዓዊ አልፎ ወደ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው መንገድ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ሲሚንቶ፣ ሳሙና፣ ቢራና ብረት የሚያመጣ መኪና ሲመለስ የሚጭነው ይፈልጋል። ይህ የመልስ ጭነት ይባላል። ሾፌሩ የደርሶ መልሱን ነዳጅ በመሄጃው አስቦ ስለተነሳ በመመለሻው የሚያገኘው ሁሉ ጭማሪ ነው፤ «ጋሼ፣ መልስ ነኝ፤ ባዶ ከምወርድ ትንሽ ያዙልኝና ልጫን» ሲል ይሰማሉ። በላይኛው ስሌት የኩንታል ኪራዩን ከ250 ወደ 180 ቢያወርዱት 3,500 ብር ይቀንሳል፤ የ1,200 ብሩ ኪሳራ ወደ 2,300 ብር ትርፍ ይዞራል። በቆሎው ያው፣ ገዢው ያው፣ ዋጋው ያው ነው።

ቡሬ ላይ ይህ ነገር ጎልቶ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ወደ ከተማዋ የሚገባና ከከተማዋ የሚወጣ ጭነት ያበዛሉ፤ ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወጣው መንገድም መገንጠያ ናት። ብዙ ጭነት የሚገባበት ከተማ ብዙ ተመላሽ መኪና የሚገኝበት ነው። ስለዚህ ከመናኸሪያው ደላላ በተጨማሪ ወደ አካባቢዎ ዕቃ የሚያመጡ ጅምላ ሻጮችን «መኪናችሁ መቼ ይመጣል? ሲመለስስ ምን ይጭናል?» ብለው መጠየቅን ልማድ ያድርጉት።

የመልስ ጭነት ግን ግዴታ አለው፤ ዝግጁ መሆን። መኪናው ሲመጣ እህሉ ተመዝኖ፣ ተሰፍቶ፣ ተቆጥሮ ይጠብቅ፤ ጫኞቹም ይጠሩ። መኪና አቁሞ ጆንያ መስፋት የጀመረ ነጋዴ የቆመበትን ይከፍላል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ሾፌሩ አይደውልለትም። ወደብ ላይ በጊዜው ያልተነሳ ዕቃ የሚያስከፍለው የመዘግየት ቅጣት ዲሜሬጅ ይባላል፤ ዱርቤቴ ላይ ስሙ ባይጠራም ነገሩ ያው ነው።

የመኪናው ልክም ይታሰብ። አይሱዙው ወደ 50 ኩንታል፣ ኤፍ ኤስ አር የሚባለው ተለቅ ያለ መኪና ከዚያ በላይ፣ ባለ ተሳቢው እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። ትልቁ መኪና በኩንታል ርካሽ የሚሆነው ሲሞላ ብቻ ነው። 30 ኩንታል ይዘው ሙሉ አይሱዙ ከሚከራዩ ጎረቤት ነጋዴ ጋር ተጋርተው መሙላት ይሻላል። ከመኪናው ልክ በላይ ማጨቅ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከልክ በላይ የተጫነን መኪና ፍሬን ይፈትናል። መኪናው ሲነሳ የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የሾፌሩ ስምና ስልክ፣ የጆንያው ብዛት፣ ክብደቱና የርክክቡ ቦታ በሁለት ቅጂ ተጽፎ እርስዎና ሾፌሩ ትፈርሙበታላችሁ። አንዱ ቅጂ ገዢው ፈርሞበት ካልተመለሰ ርክክብ አልተደረገም።

7. መቼ እንደሚያዙ በቁጥር ይወስኑ

እስካሁን ያየነው የሚሸጥ እህል ነው። ከሌላ ቦታ አስመጥተው ለሚሸጡት ዕቃ፣ ለሱቅም ለማኅበርም፣ ሦስት ቃላት ይበቁዎታል። የማድረሻ ጊዜ ትዕዛዝ ከሰጡበት እስከሚረከቡበት ያለው ቀን ነው። መጠባበቂያ ክምችት ዕቃው ቢዘገይ የሚያሻግርዎ ነው። የማዘዣ ነጥብ ደግሞ «ክምችቱ እዚህ ሲደርስ አዝዛለሁ» የሚሉት ቁጥር ነው።

በቀን 6 ካርቶን ሳሙና ይሸጣሉ እንበል። ዕቃው ካዘዙ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ቀን ይደርሳል፤ ሲከፋ ግን 10 ቀን ይወስዳል። በ4 ቀን የሚሸጠው 24 ካርቶን ነው። ለተረፈው የ6 ቀን መዘግየት 36 ካርቶን ይያዝ። የማዘዣ ነጥብዎ 60 ነው፤ ክምችቱ 60 ሲገባ ይደውሉ፣ መደርደሪያው ባዶ እስኪሆን አይጠብቁ።

ከአማካዩ ቀን ይልቅ የከፋውን ቀን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ጎጃም ላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በድንገት ይዘጋል፣ መኪና የሚቆምባቸው ቀናት አሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የማድረሻ ጊዜን በልማድ ማሰብ አይሆንም፤ የያንዳንዱን ትዕዛዝ የታዘዘበትንና የደረሰበትን ቀን መዝግበው በየወሩ ቁጥሩን ያድሱ። ለሁሉም ዕቃ እኩል መጠባበቂያ መያዝም ገንዘብ ያስራል። ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ቢጠፉ ደንበኛው ይሄዳል፤ ለእነሱ ይያዙ። በዓመት አንዴ ለሚፈለግ ዕቃ ግን አይያዙ።

ይህ አሠራር በጤና ጣቢያዎች ተጽፎ ያለ ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ከባሕር ዳር ቅርንጫፉና ከሌሎቹ በሚያሠራጭበት ሥርዓት አንድ ጤና ጣቢያ ቢበዛ የ4 ወር፣ ቢያንስ የ2 ወር ክምችት እንዲኖረው፣ በየሁለት ወሩም የተጠቀመውን አስልቶ እንዲጠይቅ ይደረጋል። ክምችቱ ወደ ግማሽ ወር ከወረደ የሁለት ወሩን ቀን ሳይጠብቅ በአስቸኳይ ያዝዛል። ላይኛው ልክ ዕቃ ጊዜው እንዳያልፍ፣ ታችኛው በሽተኛ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነው። ሱቅዎም ሁለቱንም ልክ ይኑረው።

8. ፍላጎትን በወሬ አይለኩ

ማዳበሪያ ጅቡቲ ወደብ ደርሶ፣ በመኪና አገር ውስጥ ገብቶ፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር፣ ከዚያ ወደ ገበሬው እስኪደርስ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ፍላጎቱ ተመዝግቦ ግዢው የሚወሰነው ገበሬው ሳይዘራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ እጥረቱ ጸንቶ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። እንዲህ ያለ ዓመት ያየ ገበሬ በሚቀጥለው ምዝገባ 2 ኩንታል ሲያስፈልገው 3 ቢያስመዘግብ አይፈረድበትም። የማኅበሩ ጸሐፊም «እንዳይጎድል» ብሎ ይጨምራል፤ ከእሱ በላይ ያለውም እንዲሁ። የቡሄ ጅራፍ እጀታው ላይ ትንሽ ነቅነቅ ሲል ጫፉ እንደሚጮኸው ሁሉ፣ ቀበሌ ላይ የተጨመረች ትንሽ ቁጥር ላይ ስትደርስ ትልቅ ሆና ትገኛለች። ሙያው ይህንን የጅራፍ ውጤት ይለዋል። መጨረሻው እንዲህ ነው፦ አንድ ዓመት ሰው ተሰልፎ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ በሌላው ዓመት ማዳበሪያው መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

መከላከያው መረጃ ነው። የማኅበር ሰው ከሆኑ ሁለት ዓምድ ይኑርዎ፦ የተመዘገበውና ባለፈው ዓመት በእርግጥ የተወሰደው። ልዩነቱ ከሰፋ ምክንያቱን ከገበሬው ይጠይቁ፤ ማሳው ጨምሯል ወይስ ፈርቷል? ወደ ላይ የሚልኩትም ሁለቱን ቁጥሮች ከነምክንያታቸው ይሁን። ነጋዴም ከሆኑ ያው ነው። «ገዢው ብዙ ይፈልጋል» ከሚል ወሬ ይልቅ ባለፈው ሳምንት ስንት ኩንታል በእርግጥ ከፍሎ እንደወሰደ ይጠይቁ።

9. ገንዘቡ ስንት ቀን እንደታሰረ ይቁጠሩ

በሰንሰለቱ ውስጥ ዕቃ ከገበሬው ወደ ገዢው፣ ገንዘብ ከገዢው ወደ ገበሬው፣ መረጃ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የገንዘቡ ፍጥነት ነው። ዛሬ 200,000 ብር ከፍለው ገዙ፤ 4 ቀን አደረቁ፤ ዋጋ እስኪነሣ 60 ቀን አስቀመጡ፤ 3 ቀን መንገድ ላይ ቆየ፤ ገዢው በ15 ቀን ከፈለ። ገንዘብዎ 82 ቀን ታስሯል። ብድሩ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢሆን 8,000 ብር ያህል ወለድ ተከፍሎበታል፤ በየኩንታሉ ከ160 ብር በላይ ማለት ነው። ገንዘቡ የራስዎ ቢሆንም በዚያ 82 ቀን ሁለቴ ሊገዙበትና ሊሸጡበት ይችሉ ነበር። ስለዚህ «አስቀምጬ ሐምሌ ላይ እሸጣለሁ» ከማለትዎ በፊት የሚጠብቁት የዋጋ ጭማሪ ወለዱን፣ የነቀዙን ጉድለትና የመጋዘን ኪራዩን አልፎ የሚተርፍ መሆኑን ያሰሉ።

በወሩ መጨረሻ የሚሞላ አንድ ገጽ

ሁሉንም በየቀኑ መከታተል ከባድ ነው፤ በወር አንድ ገጽ ግን ማንም ይሞላል።

- የወሩ አማካይ የመድረሻ ዋጋ በኩንታል፣ ከመሸጫው ጋር ጎን ለጎን፤
- ገዢው የተረከበው ክብደት ከተጫነው ስንት በመቶ እንደጎደለ፤
- መኪኖች ከመድረሳቸው እስከ መነሣታቸው ስንት ሰዓት እንደቆሙ፤
- ትዕዛዞች በአማካይና በከፋ ጊዜ ስንት ቀን እንደወሰዱ፤
- ገንዘቡ ከወጣበት እስከ ተመለሰበት ስንት ቀን እንደሆነ።

የማኅበር መጋዘን ከሆነ ገጹ በመጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ፤ አባሉ የራሱን እህል ጉዳይ ለማወቅ ጠቅላላ ጉባኤ መጠበቅ የለበትም። የግል ንግድ ከሆነ የሦስት ወሩን ገጾች ጎን ለጎን ያስቀምጡና ከአምስቱ ቁጥር በጣም የባሰውን አንዱን ይምረጡ። በሚቀጥለው ወር እሱን ብቻ ያሻሽሉ፤ ሌላውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ለመለወጥ የተነሣ ነጋዴ የትኛው ለውጥ እንደጠቀመው አያውቅም።